የዘጠነኛ ክፍል ቀሪዎች

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ነገሬ ረዘም ይላል፤ መንገዱ ግን ቅርብ ነው። ከአየር ጤና ታክሲ ተራ እንሳፈር። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዓለም ገና፣ ሰበታ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ስንገባ አራት ሰው ጎድሎ እናገኘዋለን። ካራ ቆሬን አልፈን፣ ወለቴን አልፈን ዓለም ገና እንወርዳለን። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ፣ ሌላው በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ። ከበላይ ወጨጫ ተራራ ቆሟል። ከበታች ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ሠራተኛ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ዳር ይጋፋል። ዓለም ገና ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ቆይታ ወደ ሰበታ ተጠቃለለች። በ2015 ደግሞ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ከሌሎቹ ጋር ተደምረው ሸገር ከተማ የሚባል፣ 12 ክፍለ ከተሞች ያሉት፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የያዘ ከተማ ሆኑ።

የምተርክላችሁ ግን ስለ ከተማው አይደለም፤ እዚያ ስለሚጠፉ ልጆች ነው። ይጠፋሉ ስል መኪና ገጭቷቸው ወይም ሰው አፍኗቸው እንዳይመስላችሁ። ማታ ቤታቸው ያድራሉ፤ ጠዋት ዩኒፎርም ለብሰው ይወጣሉ። የሚጠፉት ከዘጠነኛ ክፍል የስም መጥሪያ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳይሰማ።

ጥር 2015 አገሩ እንዴት እንደተንጫጫ ታስታውሳላችሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰጥቶ፣ ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ፤ ከመቶ 3.3። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ 5.4፤ በ2017 ፈተና ወደ 8.4 ከፍ አለ። የጥር 2015ቱ ውጤት ሲሰማ ሁሉም ሰው ጥፋተኛ ፍለጋ ተሰማራ። አንዱ ፈተናው ከበደ አለ፣ አንዱ ድሮም የሚያልፉት በኩረጃ ነበር አለ፣ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ስልኩን ረገመ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከግማሽ በታች ካመጡት አንዳንዶቹን ተቀብለው «ሬሜዲያል» እያሉ በጥቂት ወራት የዓመታትን ጉድለት ለመሙላት ተያያዙት።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያን ውጤት ያመጡት ልጆች መጋቢት 2012 የት ነበሩ? በጣታችሁ ቁጠሩት። በ2014 አሥራ ሁለተኛ የነበረ ልጅ ዓመት ካልደገመ በ2012 አሥረኛ ነው። ኮሮና ገባ ተብሎ የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ አሥረኛ ክፍል ወንበር ላይ ነበር ማለት ነው። ወራት ቤቱ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ የመጨረሻው የተሰጠው በ2011 ነበር። ልጁ ሲመለስ «ከየት አቆምክ?» ያለው ሰው ሳይኖር ወደ 11ኛ ተሻገረ። የጎደለበት ያኔ ነው፤ የተነገረው ግን ጥር 2015 ነው።

ያንን የአሥረኛ ክፍል ፈተና፣ እናንተ «ማትሪክ» የምትሉትን፣ ይመለስልኝ ብዬ አላለቅስም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ስንቱን ልጅ «አንተ በቃህ» ብሎ የሸኘ ፈተና ነው። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠይቀው እንዳለ ያውቅ ነበር። ወላጁም ያውቅ ነበር። አሁን በስምንተኛው ክልላዊ ፈተናና በአሥራ ሁለተኛው ብሔራዊ ፈተና መካከል አራት ዓመት አለ፤ በዚያ መካከል ከትምህርት ቤቱ ሌላ ልጁን የሚጠይቅ የለም። ትምህርት ቤቱ ካልጠየቀ ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

አሁን አንድ ልጅ ላምጣላችሁ። ስም አላወጣሁለትም፤ አንድ ሰውም አይደለም። በዚያ መንገድ ዳር ካሉ ብዙ ልጆች ትንሽ ትንሽ ወስጄ ያቆምኩት ልጅ ነው፤ ለተራኪ ይህን ያህል ይፈቀዳል። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው። አባቱ የጅማን መስመር ይዞ ከሄደ ቆይቷል። እናቱ አበባ እርሻ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ሰርቪሱ ገና ጎህ ሳይቀድ አንስቷት ይሄዳል።

ይህ ልጅ እስከ ስምንተኛ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሒሳቡንም ሳይንሱንም በቋንቋው ያብጠረጥረዋል፤ ክልላዊ ፈተናውንም ደህና አድርጎ አልፏል። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ሲገባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀው። በኦሮሚያ ሽግግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው እኩያው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቀምሶታል። የባዮሎጂ መምህሩ ሲጠይቀው መልሱን ያውቀዋል፤ የሚናገርበት ቃል ግን አጣ። አንዴ ተናገረና ተሳቀበት። ከዚያ ወዲህ እጁን አላወጣም። አዲስ ግቢ ነው፤ ከየሰፈሩ የመጣ ልጅ ሞልቶበታል፤ ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ይጠጋጋሉ። ስሙን ለይቶ የሚጠራው መምህር የለም። ስም የሚጠራው እንኳ ሞኒተሩ ነው፤ ያልመጣ ልጅ ካለ ጓደኛው ድምፁን ቀይሮ «አቤት!» ይልለታል።

ስለ ሆዱም ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ዘጠነኛ ክፍል ሲባል ስለ ፊዚክስ ያስባል፤ እኔ ስለ ቁርስ አስባለሁ። የተማሪዎች ምገባ የተጀመረው ለታናናሾቹ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቅድመ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ስምንተኛ ክፍል እያለ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚበላ ልጅ፣ ክረምቱ አልፎ ቁመቱ ሲመዘዝ፣ ሆዱ ከምንጊዜውም በላይ ሲጠይቅ፣ «አንተ ትልቅ ሆነሃል» ይባላል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ ሁሉ ማታ ቲክቶክ ሲያይ ያደረ አይደለም። አንዳንዱ በርግጥ ሲያይ ያደረ ነው። አንዳንዱ ግን ራት ያልበላ ነው። በፊቱ አይለይም፤ ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጥቅምት ገባ። አንድ ማለዳ ልጁ ታክሲ ጠበቀ። ታክሲው ሩቅ የሚሄድ ሰው ይፈልጋል፤ በአጭር የሚወርድ ተማሪ አይጭንም። በእግሩ ሄደ። ሲደርስ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት አልቆ በሩ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ በናትህ አስገባኝ።»

«ሰዓቱን አታውቅም? ዩኒት ሊደሩ አታስገባ ብሎኛል። ሂድና ወላጅህን ይዘህ ና።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ በር ላይ ነው። ልጁ ያጠፋው ጥፋት ምንድን ነው? ትምህርት አመለጠው። ቅጣቱስ? ትምህርት እንዲያመልጠው። ሃያ ደቂቃ ያረፈደ ልጅ ቀኑን ሙሉ ውጭ ዋለ። «ወላጅ አምጣ» የሚለው ደግሞ ሲታይ ቀላል ነው። እናትየው አንድ ቀን ከሥራ ብትቀር የዕለት ደመወዟ ይቆረጣል፤ አለቃዋም ነገ «ሌላ ሰው ይዣለሁ» ሊላት ይችላል። ልጁ ይህን ያውቃል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቱን ከሥራ ከማስቀረት ራሱን ከትምህርት ቢያስቀር ይመርጣል። እና አልነገራትም። በማግስቱም ያለ ወላጅ ስለማይገባ አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሁለት ቀን የቀረበትን ምክንያት ሊጠየቅ ነው። እያንዳንዱ የቀረበት ቀን የሚቀጥለውን ቀን ያከብደዋል። ይህን ልጅ ሰነፍ የሚለው ሰው በዚያ በር ቆሞ የማያውቅ ነው።

በሳምንቱ አንድ የሰፈሩ ልጅ አገኘው፤ የአየር ጤና መስመር ረዳት ነው። «ዛሬ ጉዳይ አለብኝ፤ ለግማሽ ቀን ተካኝ» አለው። ተካው። ለካ ድምፁ ጥሩ ኖሯል። እንግሊዝኛ ሲሆን የሚያንቀው ጉሮሮ «ዓለም ገና፣ ሰበታ!» ሲል ይከፈታል። መልስ ሲሰጥ አይሳሳትም፤ አስተውላችሁ ከሆነ ብር እያጠፈ በጣቶቹ መካከል የሚደረድር ረዳት ያለ ወረቀት ሲደምርና ሲቀንስ ነው የሚውለው፤ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህሩ ይህን አላየለትም። ማታ ስኳርና ዘይት ይዞ ገባ። እናቱ ከየት አመጣኸው አለችው፤ ከትምህርት መልስ ዕቃ ተሸክሜ ነው አላት። እሁድ እሁድ ዩኒፎርሙን አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣል፤ ጎረቤቱም እናቱም ያያሉ። ደብተሩን ብትገልጡት ግን በቀይ ያሰመረው ቀን ጥቅምት ላይ ቆሟል።

ሕጉም አይይዘውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ይሄ ልጅ አሥራ አምስት ሞልቶታል። አዋጁ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሥራ፣ ሌሊት አይሥራ ይላል። የታክሲ ረዳት የሥራ ሰዓቱን ማን ለክቶት ያውቃል?

እኅቱን ለመርሳት አልፈልግም። እሷም ያቆምኳት ልጅ ናት፤ ከእሱ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ የነበረች፣ በዓመቱ ዘጠነኛ የገባች። የእሷ መቅረት ቀኑ ይታወቃል፤ በየወሩ ነው። ሞዴስ መግዣ የለም፤ ቢኖርም የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውሃ የለውም፣ በሩም አይዘጋም። በየወሩ ሦስት አራት ቀን እየቀረች ሴሚስተሩ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚሆን ደምሩት። ትምህርቱ ሲያመልጣት ውጤቷ ይወርዳል፤ ውጤቷ ሲወርድ ደላላው ሰፈር ውስጥ አለ፤ «ዓረብ አገር ብትሄድ እናቷን ታሳርፋለች» ይላል። ደላላው ስሟን ያውቃል። ደላላው ውጤቷን ያውቃል። አንዳንዴ ከክፍል ኃላፊ መምህሯ ይልቅ ደላላው ያውቃታል፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

በዚያ ላይ በ2015 በሸገር ከተማ «ሕገ ወጥ ግንባታ» እየተባለ ብዙ ቤት ሲፈርስ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን መርምሮ ሲናገር፣ የትምህርት ዘመኑ ገና አላለቀም ነበር። ቤት ሲነሳ ልጅ አብሮ ይነሳል። ወደ ሌላ ሰፈር የሄደ ተማሪ መሸኛ ይፈልጋል፣ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ይህን የጨረሰ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ያልጨረሰው «አቋረጠ» ተብሎ ይመዘገባል።

አሁን ከዓለም ገና ትንሽ ልራቅ። አሜሪካ ውስጥ ቺካጎ የምትባል ከተማ አለች። እዚያም ልጆቹ ከሁለተኛ ደረጃ ሳይመረቁ ይቀሩ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልጆቹን መዝገብ ይዘው ተቀመጡ፤ የትኛው ልጅ እንደሚመረቅ አስቀድሞ የሚናገረው ምንድን ነው ብለው ፈተሹ። ብዙ ሰው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው ይል ነበር። አይደለም። ከእሱ ይበልጥ የሚናገረው ዘጠነኛ ክፍልን እንዴት ጨረሰ የሚለው ሆኖ ተገኘ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚጠበቅበትን ትምህርት ይዞ የወጣና በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በሴሚስተር ውጤት ከአንድ በላይ ያልወደቀ ልጅ፣ ከሌላው ይልቅ በአራት ዓመቱ የመመረቅ ዕድሉ ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ስለ መቅረት ያገኙት ደግሞ ያስደነግጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በአንድ ሴሚስተር አንድ ሳምንት ተጨማሪ መቅረት የመመረቅ ዕድልን ከ20 በመቶ ነጥብ በላይ ዝቅ ያደርገዋል።

ከዚያ የከተማዋ የትምህርት ኃላፊዎች ምን አደረጉ? ተአምር አልሠሩም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ስም ዝርዝር፣ ማን እየቀረ እንደሆነና ማን በየትኛው ትምህርት እየወደቀ እንደሆነ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ለመምህራኑ ሰጧቸው። መምህራኑ ዝርዝሩን ይዘው እየተሰበሰቡ ስለ አንድ አንድ ልጅ ይነጋገራሉ። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ነው ጥያቄው። በፈረንጆቹ 2007 ያንን መስፈርት ያሟሉ ዘጠነኞች ከመቶ 57 ነበሩ፤ በ2013 82 ሆኑ። ቺካጎ ገንዘብ አላት ትሉኝ ይሆናል። አላት። ስም ዝርዝር መያዝና ስለ ልጅ መነጋገር ግን ስንት ብር ይፈጃል?

የራሳችንንም ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቅ ሞሰቦ በሚባል የአማራ ክልል ገጠር፣ ከ1996 እስከ 1998 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር፤ ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለ ድርጅት ከክልሉ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የሠራው። ልጃገረዶቹ በለጋነታቸው እየተዳሩ ከትምህርት የሚቀሩበት አካባቢ ነበር። ምን ሰጧቸው? ደብተርና እስክሪብቶ። ከአካባቢያቸው የተመረጡ ሴቶች እየመሯቸው የሚሰበሰቡበት ቡድን። ለወላጆች ደግሞ ውይይት፤ ልጅቷ ሳትዳር ከቆየች መጨረሻ ላይ አንዲት ፍየል። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ያሉት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ጨመረ፤ ጋብቻውም ራቀ። በኋላ በሌላ ቦታ ተሻሽሎ ሲሞከር ለታናናሾቹ የትምህርት ቁሳቁስ፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ላሉት በዓመት ሁለት ዶሮ ነበር ስጦታው፤ ያም ሠርቷል። ሁለት ዶሮ! ድህነት ልጅን ከትምህርት የሚነጥቅበት ዋጋ ይህን ያህል ትንሽ ነው፤ መልሶ ለመግዛትም ያን ያህል ትንሽ ይበቃል።

ዓለም ገና ላይ ዶሮ ይሰጥ እያልኩ አይደለም። የፋብሪካና የመናኸሪያ ሰፈር ነው፤ የልጆቹ ፈተና ሌላ ነው። እዚህ ግን ሌላ ሀብት አለ፤ እድር። እድር ቀሪ እንዴት እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይጻፋል፤ በተደጋጋሚ ከቀረ ዳኛው ዝም አይልም። «እሱ ሰው ሁለት ቀብር ቀረ፤ ታሞ ነው እንዴ? እስቲ ቤቱ ሂዱ» ይላል። ለሞተ ሰው ሲሆን ቀሪ መቁጠር የሚያውቅ ሰፈር ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ለምን አይቆጥርም? የወላጅ መምህር ኅብረቱ ውስጥ የተቀመጡት አባቶችና እናቶች እኮ ያው የእድሩ ሰዎች ናቸው። እንደ እድሩ በየወሩ ተቀምጠው የዘጠነኞችን ቀሪ ዝርዝር ቢያነቡ፣ «ይሄን ቤት አውቀዋለሁ፤ እኔ ጠይቄ እመጣለሁ» የሚል አይጠፋም።

ትልልቆቹ ተማሪዎችም አሉ። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ ስም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየሰፈራቸው ሲመለሱ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ግን እነሱም ይሄዳሉ፤ ዘጠነኛው ልጅ የሚከብደው መስከረምና ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ያሉት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እነሱ በአፋን ኦሮሞ ተምረው እንግሊዝኛ ሲገጥማቸው እንዴት እንደተሻገሩት ገና አልረሱትም። አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ለአንድ የዘጠነኛ ልጅ «ይሄንን በቋንቋህ እንዲህ ነው የምትለው፤ እዚህ ደግሞ እንዲህ ይሉታል» ቢለው፣ ከሦስት ቲቶሪያል ይሻለዋል። «አንድ ለአምስት» የሚለው ስም የፖለቲካ ጠረን ስላለበት ሰው ይሸሸዋል፤ ስሙን ተዉት፣ ትልቁን ከትንሹ ጋር ማስቀመጡን ግን አትተዉት።

መምህሩንስ? በየክፍሉ ያለውን የልጅ ብዛትና የደመወዙን ነገር እያወቅሁ ተጨማሪ ሥራ ልጭንበት አልፈልግም። ግን ስልክ አለው። በዚያ ጥቅምት ማለዳ ታሪኩ ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችል ነበር። ጥበቃው ልጁን ያስገባዋል። ሞኒተሩ ሳይሆን የክፍል ኃላፊው መምህር ራሱ ስም ይጠራል። በሌላ ጊዜ ልጁ ሁለት ቀን ቢቀር መምህሩ ማታ፣ እናት ከሥራ ከገባች በኋላ፣ ይደውላል።

«አካም ኦልተን እናቴ። የልጅዎ የክፍል መምህር ነኝ። ሁለት ቀን አላየሁትም፤ ታሞብዎት ነው?»

«ኧረ ዩኒፎርሙን ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ቲቸር!»

«እንግዲያው አይቆጡት። ነገ ብቻ ይላኩልኝ፤ እኔ አነጋግረዋለሁ። እርስዎ ከሥራ አይቅሩ።»

«እርስዎ ከሥራ አይቅሩ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። እናትየው የምትፈራው ያንን ነው፤ ልጁም የሸሸው ከዚያ ነው። ይህ ጥሪ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። በማግስቱ ልጁ አፍሮም ቢሆን ይመጣል። ያኔ «የት ነበርክ?» ሳይሆን «ምን አመለጠህ?» ከተባለ ይቀመጣል።

ሌላ ማየት የሚያስፈልገው ነገር ዝምታ ነው። እኛ ዝም ያለ ልጅ እንወዳለን፤ «ጨዋ ነው» እንላለን። መስከረም ላይ ሲስቅ የነበረ ልጅ ኅዳር ላይ ዝም ካለ፣ ሳይበላ ከዋለ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ጨዋነት አይደለም። ጭንቀት ቤት አይመርጥም፤ ድሃም ሀብታምም ላይ ይገባል። ትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህር ካለው ወደ እሱ፣ ከሌለው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፤ ለዚህ ነው የተቋቋመው። «ቡዳ ነው» ወይም «ስልክ ነው ያበላሸው» ብሎ መተው ግን ልጁን ብቻውን መተው ነው።

የልጁን መጨረሻ ትጠይቁኝ ይሆናል። ያቆምኩት ልጅ ስለሆነ እንደፈለግሁ ላስጨርሰው እችላለሁ፤ ወደ ክፍል መልሼ ላስመርቀው ወይም ታክሲው በር ላይ ልተወው። አላደርገውም። በእያንዳንዱ ግቢ የሚሆነውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ቃሌ ለእናንተ ነው፤ ለዓለም ገና፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ርዕሰ መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮችና የክፍል ኃላፊ መምህራን። መስከረም ላይ የዘጠነኛን ስም ራሳችሁ ጥሩ። ያረፈደ ልጅ ይግባና ውስጥ ይጠየቅ። «ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት ደውሉ። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ይጠየቅ። የሴቶች ሽንት ቤት ውሃ እንዲኖረውና በሩ እንዲዘጋ የወላጅ መምህር ኅብረቱን ጠይቁ፤ አንድ ካርቶን ሞዴስም የሴቶች ክበቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ወላጆችም ብትሆኑ ዩኒፎርሙን ብቻ አትዩ፤ ማታ ደብተሩን ግለጡና ከላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ።